ፔጆዬ ሐረጎ ላይ ይግልብኛል

ከአባቴ የወረስኩት ፔጆ 504 አለኝ፤ ሴዳኑ። አውሮፓ ውስጥ መመረት ያቆመው በ1983 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዕቃው ፈተና ነው። ምቾቱን ግን አትጠይቁኝ! ከሐይቅ ስንመለስ እናቴ ኮረኮንቹ ላይ እንኳ ለጥ ብላ ትተኛለች።

ችግሩ ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስወጣ የሙቀት ጌጁ ቀዩን ይነካል። ሜዳ ላይ ደህና ነው። ራዲያተሩን አሳጠብኩ፣ ቴርሞስታት ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ውሃ አይጎድልም፣ ዘይቱም ውሃ ገብቶበት ወተት አልመሰለም። አንድ መካኒክ "ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይውረድ" ይላል። እኔ የጠረጠርኩት ፋኑን፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ ነው። የዚህ መኪና ፋን ሞተሩ ሲግል በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ ነው በኃይል የሚዞረው። የኔው ግሎም ዘና ብሎ ነው የሚሽከረከር። ቴስታታውን ሳላስወርድ ማግኔቱ መሥራቱን እንዴት ልፈትሽ?