ራም ከጨመርኩ በኋላ ዴስክቶፑ አልነሳ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ በጣም ጨንቆኛል። ደብረ ብርሃን ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ዴስክቶፔ 4 ጂቢ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነበረው፣ ዓይነቱ ዲዲአር3 ነው። ዎርድና ብሮውዘር አብረው ሲከፈቱ ይንቀራፈፋል። ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ያገለገለ 8 ጂቢ ገዝቶ አመጣልኝ፣ ከድሮው ጎን ሰካሁት። ከዚያ ወዲህ ፋኑ ይዞራል፣ ማዘርቦርዱ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

የመጣውን ሳወጣው ይነሳል። ብቻውን በሁለቱም ስሎት (መሰኪያ) ሞከርኩት፣ ያው ነው። ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ጠረግኩ። ገመዱን ነቅዬ ክቧን የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ባትሪ አውጥቼ መለስኩ። ምንም!

ትናንት ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። የድሮው በአንድ ፊቱ 8 ቺፕ አለው። የአዲሱ 9 ነው፣ መሀሉ ላይም ሌላ ለየት ያለ ቺፕ አለ። ስቲከሩ ላይ ከ12800 (የፍጥነት ቁጥሩ) ቀጥሎ "አር" የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። የሰርቨር (ለብዙ ሰው የሚያገለግል ትልቅ ኮምፒውተር) ራም ይሆን እንዴ? ከሆነ ተራ ዴስክቶፕ አይቀበለውም ሲሉ ሰምቻለሁ። ወይስ ባዮስ ባድስ ይስተካከላል? መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ቦርዱም ይሄድብኛል ብዬ ፈርቼ አልነካሁትም። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ እጄ ላይ ነው። የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ፣ ልመልሰው ወይስ ልሞክር?