ደብረ ብርሃን ላይ የግል የስፖርት አሠልጣኝ ለመሆን ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በስፖርት ሳይንስ ተመርቄያለሁ፤ ደንበኞችን በግል ማሠልጠን እፈልጋለሁ፣ ጂም ግን የለኝም። መጀመሪያ ምን ላሟላ? ጿሚ ደንበኛንስ እንዴት ልያዝ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ጂም አያስጨንቅህ። የሚለጠጥ የስፖርት ላስቲክ፣ ምንጣፍ፣ መዝለያ ገመድና ሁለት ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ ክብደት) ለመነሻ ይበቃሉ። ከዕቃው በፊት የጤና ቅጽ አዘጋጅ፦ ግፊት፣ ስኳር፣ አስም፣ ልብ፣ የወገብና የጉልበት ጉዳት፣ እርግዝና፣ የሚወስደው መድኃኒት። ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመውን ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አታሠራው። ብዙ አሠልጣኝ ደንበኛ የሚያጣው በመጀመሪያው ቀን አድቅቆት ነው፤ ደረጃ መውረድ ያቃተው ሰው ተመልሶ አይመጣም። በሳምንት 2 ቀን፣ 5 ዓይነት እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱን 2 ዙር ከ10 እስከ 12 ጊዜ አሠራው። ዙሩን ሲጨርስ 2 ወይም 3 ጊዜ የሚጨምርበት አቅም ይቅርለት።

መልስ 2፦ ከፍታውንም አትርሳ፤ ከተማው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ሰው ትንፋሽ ቶሎ ያጥረዋል። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት በሩጫ ፋንታ እያወራ ሊሄድ በሚችልበት ፍጥነት አስኪደው። ንጋት ላይ ብርዱ ስለሚጠና ማሟሟቂያው ከ10 ደቂቃ አይነስ።

መልስ 3፦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾምን ሰው ጠዋት ከባድ ክብደት አታስነሳው፣ ያዞረዋል። በልቶ 2 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ፣ 11 ሰዓት ላይ ቅጠረው። በጾም ወራት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አኩሪ አተር ያብዛ፤ ጡንቻ መገንባት የሚፈልግ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነቱ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ክፍያውን በወር መጀመሪያ ተቀበል፣ ለቀረበት ቀንም ደንቡን በጽሑፍ ስጠው።