ከአድዋ እስከ ማይጨው 40 ዓመት ነው፤ ጦርነቱ ራሱ ምን ላይ ተለወጠ?

የሰሜኑ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ሰዎች። ሲከነክነኝ የከረመ ነገር ስላለ ነው እዚህ ያመጣሁት። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928። በመሀል ያለው 40 ዓመት ብቻ ነው። ጠላት ያው ጣሊያን፣ አገሩ ያው ተራራ፣ ሰዉም ያው ሰው። አንዱን በአንድ ቀን ጨረስነው፣ በሁለተኛው ግን ጣሊያን መረብን በተሻገረ በሰባት ወሩ አዲስ አበባ ገባ። አጎቴን ስጠይቀው «ባንዳ ነው የጨረሰን» ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ «አውሮፕላን» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም፣ ግን ባንዳ በአድዋም ጊዜ ነበር፣ መድፍም ነበር። ስለዚህ «ያኔ አንድነት ነበረን» የምትለዋን ለየካቲት በዓል አቆዩልኝና የውጊያው አሠራር ምን ላይ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ።

ባሻ ነኝ

እኔ ልጀምር። በ1888 መሣሪያ ማለት በአብዛኛው አንድ ሰው ትከሻው ላይ አንግቶት የሚሄድ ነገር ነው። በዚያን ሰሞን የአውሮፓ ጦሮች አንድ አንድ ጥይት የሚጎርሰውን ጠመንጃ ጥለው ባለካዝናውን እየያዙ ነበር፣ ስለዚህ አሮጌው በገፍ ገበያ ላይ ወጣ። ምኒልክ ደግሞ ገበያ ያውቃሉ። ከፈረንሳይ ነጋዴ፣ ከሩሲያ፣ ይግረምህ ብሎ ከራሱ ከጣሊያን ጭምር ሰበሰቡ። ወጅግራው፣ ስናድሩ፣ ሬሚንግተኑ ሁሉ በዚያ መንገድ የገባ ነው። ገበሬው አንዱን ተቀብሎ በአንድ ቀን ይለምደዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ጥይት ብቻ ነው። ጣሊያኖቹም ቢሆኑ አድዋ ላይ በብዛት ይዘውት የመጡት አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። እነሱ ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ይዘው ወጡ፣ የእኛ ወደ 100,000 ይጠጋል፣ አብዛኛውም ባለጠመንጃ ነው፤ ሆችኪስ መድፍም ነበረን። በዚያ ላይ የጣሊያኑ አዛዥ የባራቲየሪ ብርጌዶች ሌሊት በተራራ መሀል ሲጓዙ ተነጣጠሉ፣ አንዱን ብርጌድ የሚመራው አልበርቶኔ ብቻውን ርቆ ሄደ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ተለቀሙ።

አሁን ጎረቤት እንይ። ከአድዋ ሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ሱዳን ኦምዱርማን ላይ ድርቡሾቹ በሜዳ ላይ ወደ እንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ጦር ሮጡ። ማክሲም መትረየስና መድፍ ጠበቃቸው። በአንድ ጠዋት ከእነሱ ወገን ወደ 10,000 ሰው አለቀ፣ ከኪችነር ወገን የሞተው 50 አይሞላም። ጀግንነት ያነሰው ማነው? ማንም አይደለም። ሜዳው ገላጣ ነበር፣ ባሩዱም አንድ ዓይነት አልነበረም።

ፈረንጆቹ ይህንኑ ትምህርት በራሳቸው ሬሳ የተማሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ላይ፣ በእኛ ሰኔ 1908፣ እንግሊዝ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ19,000 በላይ ሰው ሞተበት፣ ያውም በመትረየስና በመድፍ ፊት በእግሩ ሲሄድ። ምሽጉን የሚሰብር ነገር ሲፈልጉ ጊዜ ታንክ መጣ፣ ጋዝ መጣ፣ አውሮፕላኑ ከቃኚነት ወደ ቦምብ ጣይነት አደገ። ጣሊያን በዚህ ጀማሪ አይደለም። በዓለም የመጀመሪያውን ቦምብ ከአውሮፕላን ላይ የጣለው የጣሊያን ፓይለት ነው፣ ሊቢያ ላይ፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በእጁ ወርውሮ።

እንግዲህ በ1928 መሣሪያ ማለት ከጀርባው ፋብሪካ፣ ነዳጅ፣ መለዋወጫና መካኒክ ካልተሰለፈለት የማይንቀሳቀስ ነገር ሆኖ ጠበቀን። እንደ ወጅግራ ገዝተህ ለገበሬ አታድለውም። ልግዛ ብትልም አውሮፓ «ለሁለቱም ወገን አንሸጥም» አለች። ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ ስላለው ምን ገዶት! እኛ ጥቂት አውሮፕላን ነበረን፣ ያውም አብዛኛው መልእክትና ሰው ማመላለሻ። እሱ በመቶዎች የሚቆጠር አመጣ።

ሹፌሩ

ባሻ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ሁላችሁም አውሮፕላን አውሮፕላን ስትሉ መንገዱን ማን ያውራው? እኔ በዚያ መስመር ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ከአላማጣ ተነስተህ ግራካሶን ስትወጣ፣ ኮረምን አልፈህ፣ አሸንጌን አይተህ ማይጨው፣ ከዚያ አምባላጌ። ዛሬ አስፋልት ላይ ሆነህ እንኳ ፍሬን ይሞቃል። መኪና በሌለበት ዘመን በእግር፣ ስንቅ በጀርባ ተይዞ አስቡት።

የምኒልክ ጦር ቤቱን ይዞ ነው የዘመተው። ሴቶች፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ድርቆሽ፣ በሶ። ትግራይ ውስጥ ሲሰነብት ስንቁ አልቆ ሊመለስ ሲል ነው ባራቲየሪ ከሮም ግፊት በዝቶበት የወጣው። የዚያ ዘመን ጦርነት ስንቅ እስኪያልቅ ነው የሚቆየው፣ ይሄ ለሁለቱም ወገን እኩል ነበር። በ1928 ግን እኩልነቱ ቀረ። ጣሊያን ምጽዋ ላይ መርከብ ያራግፋል፣ ድንጋይ እየፈለጠ መንገድ ይሠራል፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጥይትም ውሃም ዱቄትም ይከተለዋል። የመጀመሪያው የጣሊያን አዛዥ ዴ ቦኖ ዘገየ ተብሎ በባዶሊዮ የተተካው በዚሁ የመንገድና የዝግጅት ነገር ነው፤ ባዶሊዮም ራሱ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ሲያጠራቅም ነበር። የጃንሆይ ወታደር ግን ያኔም ቆሎውን በአቁማዳ ይዞ ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው። የመንግሥታት ማኅበር ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን አላካተተም። መርከቦቹ የሚያልፉበት የስዊዝ ቦይም አልተዘጋበትም። ነዳጁ ቢቆም ያ ሁሉ መኪናና አውሮፕላን ብረት ነው።

ትዕግስት ነርስ

ባሻ ጋዝን በአንድ ቃል አልፈኸዋል፣ እኔ ግን ላልፈው አልችልም። የሰናፍጭ ጋዝ ይባላል እንጂ ጋዝ አይደለም፣ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው። ከአውሮፕላን ይጥሉት የነበረው ትልቁ ቦምብ በውስጡ ከ200 ኪሎ በላይ ይይዛል፣ መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ይፈነዳና እንደ ካፊያ ይወርዳል። ሲነካህ ወዲያው አያምህም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳህ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፣ ዓይን ይዘጋል፣ ከተነፈስከው ሳንባህን ያቃጥለዋል። ማርከሻ ያኔም አልነበረው፣ ዛሬም የለውም፤ ቶሎ ማጠብና ቁስሉን ማከም ብቻ ነው።

ሣርና አፈር ላይ ደግሞ ለቀናት ይቆያል። የእኛ ወታደር ባዶ እግሩን ነው! የአውሮፓ ወታደር ቢያንስ ቦት ጫማ፣ ጭምብል፣ የሚታጠብበት ጣቢያ ነበረው። የራስ እምሩ ሰዎች ተከዜ ዳር የተረጨበትን ረግጠው፣ ከዚያው ውሃ ጠጥተው ነው ያለቁት። ለዚህ ነው ጣሊያን መተላለፊያ በሮችና መልካዎች ላይ የረጨው፤ ሰው መግደያ ብቻ ሳይሆን መንገድ መዝጊያም ነበር። ይሄ ሁሉ የሆነው የጋዝ ክልከላውን ጄኔቫ ላይ ፈርሞ ካጸደቀ በኋላ ነው። መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታልንም በቦምብ መታ። ስለዚህ «ዘመናዊ ጦርነት» ስትሉ ሐኪም ቤትም ኢላማ የሆነበት ዘመን ማለት እንደሆነ አትርሱ።

ደንበጉይና

ወገን፣ ሁሉን ነገር በብረት አትመልሱት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ደንበጉይና በር ላይ የራስ እምሩ ጦር ታንክ አሸንፏል። የጣሊያኑ ታንክ ትንሽዬ ነበር፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ የሚተኩስ፣ እንደ ትልልቆቹ አናቱ የማይዞር። ጠባብ መንገድ ውስጥ ሲገባላቸው ሰዎቹ ከኋላና ከጎን ቀረቡት፣ ላዩ ላይ ወጡ፣ አስቆሙት። ኦጋዴን አናሌ ላይም በዚያው ሰሞን ታንክ ተማርኳል። ማለትም አዲስ መሣሪያን በቦታ አመራረጥ ማሸነፍ ይቻላል። እሺ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ በሉኝ። ከደንበጉይና በስምንተኛው ቀን ነው በዚያው የራስ እምሩ ጦር ላይ ጋዝ የወረደው። አጋጣሚ አይመስለኝም፣ መሬት ላይ ሲያቅታቸው ወደ ሰማይ ወጡ።

የሰሜኑ ልጅ

እናንተ ሰዎች ተባረኩ። አንድ ልጨምር፦ ታዲያ ከመጀመሪያው ማይጨውን ትቶ በየጫካው ደፈጣ መግባት ነበር የሚሻለው? ጃንሆይ ለምን ፊት ለፊት ገጠሙ?

ባሻ ነኝ

ይሄኛው ክርክር ማለቂያ የለውም፣ የእኔን ልበልህ። ንጉሥ ክተት ብሎ ነጋሪት አስጎስሞ ጦር ከሰበሰበ በኋላ «በሉ ተበተኑና አድፍጡ» ማለት ቀላል አይደለም፣ መኳንንቱም አይቀበሉትም። ንጉሥ ራሱ ወጥቶ ይዋጋል፣ ወጉ ነው። ግን ማይጨው ላይ የጎዳን ሌላ ዘመናዊ ነገር አለ፣ ሁላችሁም ረስታችሁታል፦ ራዲዮ። ጣሊያን የእኛን የራዲዮ መልእክት እየጠለፈ ያነብ ነበር። ጥቃቱ ደግሞ ከቀን ቀን እየተላለፈ ቆየ። ጦራችን ሊነጋጋ ሲል ሲወርድ ጣሊያን ምሽጉን ጨርሶ፣ መትረየሱን ደግኖ ይጠብቃል። ክቡር ዘበኛ በቤልጂጎች የሠለጠነ ስለነበር በደንብ ተዋጋ፣ ቦታም ያዘ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ተዋግቶ ምሽጉን መስበር አልቻለም። የባሰው ያለቀው በመልስ መንገድ ነው፣ አሸንጌ ሐይቅ ዳር፣ ቦምብና ጋዝ ከላይ እየወረደበት። አድዋ ላይ እኮ የተሸነፈ ጦር ሸሽቶ የሚያመልጥበት ሰማይ ነበረው።

የደፈጣው ነገር በኋላ ታየ። አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን ከከተማና ከዋና መንገድ ብዙም አላላወሱትም። አውሮፕላን ሰፈር ያቃጥላል፣ ጫካ ውስጥ የተበተነን ሰው ግን ማግኘት ይቸግረዋል። ሆኖም ከተማ ማስለቀቁ ላይ አርበኛው ብቻውን አልበቃም፣ የእንግሊዝ ጦርም መድፍና አውሮፕላን ይዞ ገብቷል። ጎንደር የተለቀቀው ራሱ ኅዳር 1934 ነው፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ስድስት ወር አልፎ።

ሹፌሩ

ባሻ፣ እዚህ ላይ እጨምርልሃለሁ። ያ ያልኩህ መንገድ ኋላ ለጣሊያን ራሱ መዘዝ ሆነበት። መኪና መንገድ ካላገኘ አይሄድም፣ የት ጋ እንደሚያልፍ ደግሞ ገበሬው ሁሉ ያውቃል። አርበኛው ዳገቱ ላይ፣ መኪናው ማርሽ ቀንሶ የሚያቃስትበት ኩርባ ጋ፣ ድንጋይ ደርድሮ ይጠብቀዋል። የፊተኛውን ከመታህ የኋለኛው መዞሪያ የለውም። ዱቄቱም ጥይቱም እዚያው ይቀራል፣ ጠመንጃውን የሚያነሳው ደግሞ አርበኛው ነው።