ስኳሩ እየወረደ የሚመላለስ ሕፃን፤ አስታማሚዋን መጠርጠር መቼ ነው?

ጥያቄ (ጤና መኮንን፣ መንዝ)
ጤና ይስጥልኝ። የሦስት ዓመት ልጅ ራሱን እየሳተ ይመላለሳል። ስኳሩ ወርዶ ይገኛል፤ ግሉኮስ ሲሰጠው ይነቃል፤ ተኝቶ ሲከታተል ምንም የለበትም፤ ቤት ሲገባ ያገረሽበታል። አያቱ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ ኢንሱሊን (ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት) ለራሳቸው ይወጋሉ። እናትየው ደብቃ እሱን ትወጋው እንደሆነ በቀጥታ እንጠይቃት?

የሕፃናት ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን
እንዳትጠይቋት። ከነቃች ልጁን ይዛ ሌላ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ እዚያ ደግሞ ታሪኩን የሚያውቅ የለም።

ስኳሩ ወርዶ ሲመጣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የምትገባውን ቱቦ) ስታስገቡ ደም ቅዱ፤ ከግሉኮስ በፊት መሆን አለበት፤ ግን ለዚህ ተብሎ ሕክምናው አይዘግይ። ከዚያ 10 በመቶ ግሉኮስ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር። ያላችሁ 40 በመቶው ብቻ ከሆነ አንዱን እጅ በሦስት እጅ የመርፌ ውኃ በጥብጡት። ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ተለይቶ በበረዶ ይላክ፤ የሚታዩት ኢንሱሊንና ሲ-ፔፕታይድ ናቸው። ቆሽት ሁለቱን አብሮ ነው የሚለቀው፤ በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ግን ሲ-ፔፕታይድ የለውም። ኢንሱሊኑ ከፍ፣ ሲ-ፔፕታይዱ ዝቅ ካለ ልጁ ተወግቷል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ግሊቤንክላሚድ (ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ የሚያደርግ የስኳር ክኒን) ውጦ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ ልጅ ራሱ ከትራስ ሥር አንስቶ ይውጠዋል።

ጠያቂው
ዶክተር፣ ሲ-ፔፕታይድ እኛ ጋ የለም። ደግሞ ጠበል ይወስዱታል።

የሕፃናት ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን
ጠበሉ ትልቅ ነገር ነው! በዚህ ዕድሜ እስከ እኩለ ቀን ሳይበላ የዋለ ልጅ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። የሽንት ስትሪፕ (መመርመሪያ ወረቀት) አላችሁ አይደል? በጾም የወረደ ከሆነ ኬቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚያመርተው) በብዛት ይወጣል፤ ኢንሱሊን ግን ኬቶን እንዳይመረት ያግዳል። ስኳር ወርዶ ኬቶን ከሌለ ያኔ ተጠራጠሩ፣ ሪፈር ጻፉ። ሽንቱን ነርስ ቆማ ትቀበል።

ሲስተር፣ የሕፃናት ዋርድ
ቻርት ላይ «አንቀጠቀጠው» ብቻ አይጻፍ። ማን አየው? እናትየው «አንቀጠቀጠው አለች» ሌላ፣ ነርስ «ሲንቀጠቀጥ አየሁ» ሌላ። ሰዓቱና አብሮት የነበረው ሰውም ይጻፍ። ምግብ ከቤት ስለሚመጣ መቆጣጠር አስቸጋሪ ነው፤ መድኃኒት ግን ከነርስ እጅ ብቻ።

የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ
ግግ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥም ልጅን ይጎዳሉ፤ ግን ይድናል ብሎ በማመን ስለሆነ ከዚህ ጋር አታቀላቅሉት። ውጤቱ ከተረጋገጠ ልጁ ዋርድ ውስጥ እያለ ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 የሚመለከተው ልጅን ማጎሳቆልን ነው። ለእናትየው የሚነገራት ከዚያ በኋላ፣ ሐኪሙ ባለበት ነው። የእህት ወንድሞቹንም ካርድ አስወጡ፤ የሞተ ካለ የእሱንም።