ሐዋሳ ላይ አይስ ክሬም የት ይበላል? ሆድ ሲብስስ ምን ይበላል?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሐዋሳ ሊዛወር ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። ቤት ኪራዩንና ትምህርት ቤቱን ጨርሷል። የቀረው ሁለት ጥያቄ ነው። «ልጆቹን አይስ ክሬም የት ልውሰዳቸው? እኔስ ሆድ ሲብሰኝ ምን ልብላ?» አለኝ በስልክ።

ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ግን አጠገቤ ባለቤቴ ነበረች። ቅዳሜና እሁድን ሊያሳልፍ የመጣ የአዳማ ጓደኛዬም ነበረ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ በማድረጌ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለቱም ገቡበት። ባልደረባዬ መልስ ሳያገኝ ካርዱ አለቀበት። ስለዚህ ጥቆማውን ከነጭቅጭቁ እዚህ ላስፍረው።

መጀመሪያ የአዳማው ተናገረ። «አይስ ክሬም የሙቀት ነገር ነው፤ ሙቀት ደግሞ ያለው እኛ ጋ ነው። እናንተ የሐይቅ ንፋስ ላይ ተቀምጣችሁ ጃኬት ለብሳችሁ ነው የምትልሱት» አለ። እውነቱን ለመናገር ከፍታችን ብዙ አይራራቅም። ሁለቱም ከተሞች ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳ 1,700 ገደማ። ግን ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ላይ የሚነፍሰውን ንፋስ ልክድ አልችልም። ጃኬቱም እውነት ነው።

ሁለተኛ ያነሳው ነጥብ ግን አሸነፈኝ። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ሰው ለምሳ ደርሶ ይመለሳል። ቅዳሜና እሁድ ኬክ ቤቱ ሁሉ ይሞላል። ብዙ የሚሸጥ ቤት ደግሞ ዕቃው አይከርምም። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለአይስ ክሬም ብሎ የሚመጣ የለም።

እኔ የማምነው ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል። በእኛ ከተማ የአይስ ክሬምን ጥሩነት የሚወስነው መብራት ነው። ወተቱ፣ ስኳሩ፣ ቫኒላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይስ ክሬም ውስጥ አየር አለ፣ ስብ አለ፣ በጣም ደቃቅ የሆነ በረዶ አለ። ምላስ ላይ ለስላሳ የሚሆነው በረዶው ደቃቅ ስለሆነ ነው። መብራት ሲጠፋ ይቀልጣል። አየሩ ይወጣል። መብራት ሲመጣ እንደገና ይረጋል፤ ያኔ ግን ቀስ ብሎ ስለሚረጋ በረዶው ትልልቅ ይሆናል። አንዳንዴ ስትበሉት አሸዋ የሚመስል ነገር ጥርሳችሁ ላይ አልተንኮሻኮሸም? ያ ብዙ ጊዜ ቀልጦ የተመለሰ ነው።

ጣዕሙ ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረውም። አምና የእህቴን ልጅ ወስጄ ከአንድ ቤት ባለ እንጆሪውን ገዛሁላት። ቤቱን አልጠራውም። ሻጯ በማንኪያ ስታነሳ ጠርዙ ከዕቃው ተላቆ ወደ ታች ሰምጦ ነበር። አይቻለሁ። ዝም አልኩ፤ ልጅ እያየ ማን ይከራከራል? ሌሊቱን ሙሉ እናቷ ጋ ስታስመልስ አደረች። እህቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ስለዚህ ለባልደረባዬ የቤት ስም ከመስጠት ይልቅ አመራረጡን ብነግረው ይሻላል አልኩ። ቤት ባለቤት ይቀይራል፣ ሠራተኛ ይቀይራል። ዋጋም አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይለወጣል። መጀመሪያ የፍሪዘሩን ክዳን እዩ። ውስጡ በረዶ ጋግሮ ዕቃው ላይ ጤዛ የመሰለ ነገር ካለ ተመለሱ። አይስ ክሬሙ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ዕቃውን ሞልቶ መቀመጥ አለበት። ከሰመጠ ቀልጧል። በማንኪያ ጫፍ ቅምሻ ጠይቁ፤ ደህና ቤት አይከለክላችሁም። ሌላው፣ ከጓሮ የጄኔሬተር ድምፅ ከሰማችሁ ደስ ይበላችሁ። ቡና ስትጠጡ የምትረግሙት ድምፅ ለአይስ ክሬም ምስክር ነው።

ባለቤቴ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «ከማሽን የሚወርደውን ለምን አትነግረውም?» ትክክል ናት። ፒያሳ አካባቢ ከማሽን ኮን ላይ እየተጠቀለለ የሚወርደው ለስላሳው አለ። እዚያው ስለሚሠራ ፍሪዘር ውስጥ አይከርምም። የእሱ ችግር ሌላ ነው፤ እጥበቱ። አፉ ላይ ወተት ደርቆ ካያችሁ አትግዙ። «ማሽኑ መቼ ታጠበ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ሳያመነታ «ዛሬ ጠዋት» ካላችሁ እመኑት። ወደ ጣሪያ ካየ ማኪያቶ እዘዙ።

ሐይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎችስ? ጥሩ ናቸው። መብራት አይቋረጥባቸውም። ግን ግማሹን የምትከፍሉት ለሐይቁ ነው። ለልጆች ልደት እሺ። በየሳምንቱ ከሆነ ኪስ አይችለውም።

ጀላቲን ሳላነሳ ብቀር የልጅነት ጓደኞቼ ይቆጡኛል። ያ በላስቲክ የተቋጠረው፣ ቀይና ብርቱካናማ ውሃ። ጥርስ እስኪደነዝዝ እንመጠው ነበር፤ ምላሳችን ቀልቶ እናታችን «የት ነበርክ?» ብላ ሳትጨርስ ትደርስበት ነበር። አሁንም ትምህርት ቤት በር ላይ ይሸጣል። ውሃው ከየት እንደሆነ ካላወቃችሁ ግን ለልጆቻችሁ ቤት ሥሩላቸው። ስኳር፣ ሎሚ፣ የፈላ ውሃ፤ አለቀ።

አሁን ወደ ጾም። የሐዋሳ ገብርኤል የታኅሣሥ 19 ንግሥ ከተማውን ይሞላዋል። እንግዳው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ቀኑ ግን የገና ጾም ውስጥ ነው። አይስ ክሬም ቤቶቹ ፊት ሰው ያልፋል እንጂ አይገባም። የዚያን ቀን ሰልፉ ጁስ ቤት ነው። ጁስ ደግሞ ሐዋሳ አታፍርም። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ አናናሱ ከአጠገቧ ነው የሚመጣው። ስፕሪስ አዝዛችሁ ብርጭቆው ላይ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ ተደርድረው ሲመጡ፣ ላዩ ላይ ሎሚ ተጨምቆበት፣ እውነት ለመናገር አይስ ክሬም ትዝ አይላችሁም። የአዳማው ጓደኛዬ እንኳ ሁለት ጠጥቶ ዝም አለ። የሱ ዝምታ ምስክርነት ነው።

የጾም አይስ ክሬም ለሚፈልግ ደግሞ ባለቤቴ የምትሠራው አለ። አብዛኛው የጾም አይስ ክሬም ውሃና ስኳር ስለሆነ ድንጋይ ይሆናል። ስብ የለውማ። አቮካዶ ግን የራሱ ስብ አለው። እሷ ሁለት በደንብ የበሰለ አቮካዶ፣ ቀድሞ ተልጦ በረዶ ቤት ያደረ ሦስት ሙዝ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ሦስት ማንኪያ ስኳር አብራ ትፈጫለች። ሎሚው ለጣዕም ብቻ ሳይሆን አቮካዶው እንዳይጠቁርም ነው። ዕቃ ውስጥ አድርጋ ፍሪዘር ትከታለች። በየሰዓቱ አውጥታ በሹካ ታማስለዋለች፤ ሦስቴ ያህል። ማማሰሉ ነው በረዶውን የሚያደቀው። ስኳሩን አትቀንሱ፤ ስኳር እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ደግሞ ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ስለሚደብቅ ከመቀዝቀዙ በፊት ትንሽ በጣም የጣፈጠ ከመሰላችሁ ልክ ነው።

ለልጆቹ ይህን ካልኩ ለአባትየው ልመለስ። ሆድ ሲብስ ምን ይበላል?

ባለቤቴ ሳታስብ «ዓሣ» አለች። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ለእሷ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ገበያም፣ ሆስፒታልም፣ ጓደኛም ነው። መሄድ ያለባችሁ በጠዋት ነው፤ ከሦስት ሰዓት በፊት። ጀልባዎቹ ገብተው መረቡ ሲራገፍ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ መላጣቸውን ይዘው፣ ክንፋቸውን አጣጥፈው፣ የቀበሌ ስብሰባ እንደሚጠብቅ ሽማግሌ ቆመዋል። አንጀት ሲጣል ግን ሽምግልናው ይጠፋል።

ቆሮሶ (ቲላፒያ) ምረጡ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ በጣት ስትጫኑት ሥጋው የሚመለስ ይሁን። ልጁ ቅርፊቱን ይፍቅላችኋል፣ ጎንና ጎኑን ይተለትለዋል፣ ከዚያ የፈላ ዘይት ውስጥ ሙሉውን። በዳጣና በዳቦ። በእጅ። ልጆች ካሏችሁ ግን አምባዛ ይሻላል፤ ደቃቅ አጥንት አያስቸግርም። ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ እንግዳ ስትጋብዙ ቀድማችሁ ጠይቁ። ዓሣ ጾም ነው ወይስ ፍስክ የሚለውን ክርክር ደግሞ እኔ አልገባበትም። ቤታችን ውስጥ ራሱ ሁለት ፓርቲ አለ።

ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም አሉ። ጣዕሙን አውቀዋለሁ፣ አልዋሽም። አሁን ግን አልበላም፤ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። ለብለብ አድርጉት ማለት ራሱ ግማሽ መንገድ ነው። ሾርባው ግን! ከጭንቅላቱ የተሠራ፣ ቃሪያ የበዛበት ትኩስ ሾርባ። ጉንፋን የያዘው ሰው ለሐኪም ከመሄዱ በፊት ይሞክረው።

የአዳማው ደግሞ ጨጨብሳ አለ። ትኩስ ቂጣ ተቆራርሶ፣ በቅቤና በበርበሬ ታሽቶ፣ ከጎኑ ማር። በዚህ አልተከራከርነውም። በጨጨብሳ የሚከራከር ሰው አላውቅም። ጩኮም ጨመረበት። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ ለመንገድ የሚያዝ፣ ቶሎ የማይበላሽ። «ፍሪጅ አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም» ብሎ በራሴ ነጥብ መታኝ።

የኔ ግን ቡርሳሜ ነው። የኔን ሰፈር ሰው ለማስደሰት አይደለም፤ እኔ ራሴ ከደሴ የመጣሁ ነኝ። ሐዋሳ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ማንንም አላውቅም ነበር። ዝናቡ አያባራም። አንድ የሲዳማ ባህል ምግብ ቤት ገባሁና ምን እንደማዝ ጠፋኝ። ያስተናገዱኝ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ዛሬ ይህን ብላ» ብለው በሸክላ አቀረቡልኝ። ከእንሰት የተሠራ፣ በቅቤ የራሰ፣ ትኩስ። ከጎኑ ወተት። እንጀራ ለለመደ አፍ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ጎምዘዝ ይላል። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ቅቤው ሲሞቅ ጉልበቴ ተመለሰ። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብዬ ወጣሁ፤ በሳምንቱ ተመለስኩ።

ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። ቡርሳሜ የፍቼ ጨምበላላ ምግብ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ አብሮ የሚበላው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። እኔ ብቻዬን ጥግ ይዤ የበላሁት ለካ ብቻ የሚበላ አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ያስገርመኛል። አይስ ክሬም ሲከርም ይበላሻል። ዓሣ ሲያድር ይሸታል። እንሰት ግን ተፍቆ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሳምንታትና ወራት ከርሞ ነው የሚጣፍጠው። ያውም ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶ። ኤሌክትሪክ ኃይል የማያውቀው ምግብ ነው። ቆጮው የሚከብዳችሁ ከሆነ በቡላ ጀምሩ። የቡላ ገንፎ በቅቤ። ወላድ ለመጠየቅ ስትሄዱ ካልቀመሳችሁት፣ ሳትወልዱም ይፈቀዳል።

ባልደረባዬ በማግስቱ ደወለ። «እሺ፣ ምን ወሰናችሁ?» አለ። ባለቤቴ ስልኩን ቀምታኝ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ከሰዓት ለልጆቹ ከማሽን የሚወርደው፣ እሁድ እኛ ቤት ብላ ደመደመች። ቡርሳሜውን ረሳችው። ሆን ብላ ይመስለኛል።

የአዳማው ጓደኛዬ እሁድ ከሰዓት መናኸሪያ ስሸኘው እጁ ላይ ቡላና አንድ ፌስታል አቮካዶ ነበር። የአይስ ክሬሙንም አሠራር ጽፎ ይዟል። ረቡዕ ማታ ደወለልኝ።

«ሠራሁት። ሁለቴ አማሰልኩት።»

«እና?»

«መብራት ጠፋ።»

«በቃ ብርጭቆ አምጣና ጠጣዋ» አልኩት።