ድረሱልኝ፦ ኤፖኢ4 ያላቸው ሰዎች ሂፖካምፐስ ተልቆ ወጣብኝ!

ሰማያዊ እስክሪብቶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ ውጤት አሳያለሁ፣ ኮዱ ደግሞ ጉድ አፍልቶብኛል። ኤፖኢ4 ለአልዛይመር ዋናው አጋላጭ ጂን ነው አይደል? እኔ ጋ ግን ጂኑ ያላቸው ሰዎች ሂፖካምፐስ (በአልዛይመር የሚሟሽሸው የአንጎል የማስታወሻ ክፍል) ከሌሎቹ ይበልጣል እያለኝ ነው። ያውም በሰፊ ልዩነት። መጠኑን ያወጣሁት በፍሪሰርፈር (የአንጎል ምስል በሚለካው ሶፍትዌር) ነው። ደግሜ አስኬድኩት፣ ያው ነው። ምን ይሻለኛል?

ቮክሰል፦
የራስ ቅል ውስጥ መጠንን ሞዴሉ ውስጥ አስገብተሻል? ጭንቅላቱ ትልቅ የሆነ ሰው ሂፖካምፐሱም ይተልቃል። ዕድሜና ፆታንም እንዳትረሺ።

ከርሞ ጥጃ፦
እንግዲህ እኔም ኤፖኢ4 ይተከልልኝ። ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ ካስታወሰኝ ይበቃኛል 😂

ጋሽ ኒውሮን፦
ልጆች፣ መሠረቱን ሳትይዙ ወደ ኮድ ትሮጣላችሁ። ኤፖኢ ያለው ክሮሞዞም 19 ላይ ነው። ከአልዛይመር ጋር መያያዙ የታወቀው በ1993 ነው። 2፣ 3 እና 4 የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። 4 ያጋልጣል፣ 2 ይከላከላል። ገና በጎልማሳነት የሚጀምረው፣ በቤተሰብ የሚወረሰው አልዛይመር ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የሚመጣው በኤፒፒና በሁለቱ ፕሬሰኒሊን ጂኖች ነው። የታማሚ ሂፖካምፐስ በዓመት ከ4 በመቶ በላይ ይሟሽሻል። የጤነኛ አዛውንት ግን 1.4 በመቶ ገደማ ነው።

ሰማያዊ እስክሪብቶ፦
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ግን ይሄ ምዕራፍ አንድ ላይ አለ። የተበላሸብኝ ምዕራፍ ሦስት ነው።

ተጠራጣሪው፦
እኔ መነሻሽ ራሱ አልተዋጠልኝም። ሰዎቹ ታማሚዎች ናቸው ወይስ ጤነኞች? አልነገርሽንም። ጤነኞች ላይ የኤፖኢ4 ተፅዕኖ ትንሽ ነው፣ ጥናቶቹም እርስ በርስ አይስማሙም። በ2012 የወጡት ትልልቅ የጂኖም ጥናቶች ለሂፖካምፐስ መጠን ጎልቶ ያገኙት ክሮሞዞም 12ን ነው እንጂ 19ን አይደለም። ደግሞ 4ን ይዞ በ80 ዓመቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ከበሽታው የተረፈ ሰው ነው። እሱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ሰማያዊ እስክሪብቶ፦
ድብልቅ ነው። ታማሚም ጤነኛም አለ።

ተጠራጣሪው፦
ታዲያ ማን ምን እንደሆነ ሳትለዪ ምኑን ነው የምታነቢው?

የሌሊት ተረኛ፦
ወንድሜ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ውጤቱን አይገለብጠውም። ታማሚዎች ከገቡበት እንዲያውም 4 ያላቸው ማነስ ነበረባቸው። እንዲህ በሰፊው ተገልብጦ ሲወጣ እኔ የምጠረጥረው ቆጠራውን ነው። ጂኖታይፑን (የእያንዳንዱን ሰው የጂን ዓይነት) ያወጣሽው በፕሊንክ 2 (የጂን ዳታ ሶፍትዌር) ነው? እሱ ካልነገርሽው በቀር የሪፈረንሱን (የማነጻጸሪያ ጂኖሙን) ፊደል ነው የሚቆጥረው። አርኤስ429358 (የኤፖኢን ዓይነት ከሚለዩት ሁለት የዲኤንኤ ቦታዎች አንዱ) ላይ ሪፈረንሱ ቲ ነው፣ 4ን የሚሰጠው ደግሞ ሲ። ስለዚህ ፋይልሽ ላይ 2 የተጻፈለት ሰው ምንም 4 የለውም፣ 0 የተጻፈለት ደግሞ ሁለት ቅጂ አለው። የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር ክፈቺና ከአርኤስ429358 ስም ጭራ ላይ ያለውን ፊደል እዪ። ቲ ከሆነ እያንዳንዱን ቁጥር ከ2 ቀንሺና ድጋሚ አስኪጂ። አብዛኛው ሰው 2 ሆኖ ካገኘሽውም ያው ነው፤ 4 ያለው ሰው እንዲህ ሊበዛ አይችልም።

ምስል አንባቢ፦
የራስ ቅል ውስጥ መጠንን አስገቢ።

ከርሞ ጥጃ፦
ቮክሰል ብሎታል እኮ!

ምስል አንባቢ፦
ቢደገም ምን አለበት? ሁሉም ሰው ነው የሚረሳው።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ዳታ ውስጥ ደግሞ ሁለተኛው ቦታ፣ አርኤስ7412 የሚባለው፣ ጭራሽ የለም። እንዴት ላድርግ?

የሌሊት ተረኛ፦
የምትፈልገው 4 ያለውንና የሌለውን መለየት ብቻ ከሆነ አርኤስ429358 ይበቃሃል። 2ን ከ3 ለመለየት ግን 7412 የግድ ነው። በኢምፑቴሽን (ከአጎራባች የዲኤንኤ ቦታዎች በመገመት) ሙላው፣ ግን የጥራት ነጥቡን ሳታይ እንዳታምነው።

ጋሽ ኒውሮን፦
ስለ ታው ፕሮቲን ገና አልነገርኳችሁም።

ከርሞ ጥጃ፦
ጋሼ፣ ልጅቷ ነገ ጠዋት ነው ያለችው!