«የማን ሚስት ነሽ?» የሚለው ገጽ ላይ ቆሜ ቀረሁ

ማታ አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ሌሊት አንድ ልብወለድ ጨርሼ እስካሁን አልተረጋጋሁም። ዓይኔ አብጦ ሥራ ቦታ «ምነው አሞሽ ነው?» ሲሉኝ ነው የዋልኩት። ታሪኩ በአምስቱ የጣልያን ዘመን ከአርበኞች ጋር ዱር ስለገቡ ሴቶች ነው። መጨረሻውን ስለማወራ ርዕሱን አልጽፍም፤ ላላነበበ ሰው እንዳይበላሽበት። ያነበባችሁት ግን ወዲያው ታውቁታላችሁ።

ዋናዋ ሴት ጠመንጃ የላትም። ሥራዋ ስንቅ ማዘጋጀት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ብዙ ሰው ይሞታል፤ ውጊያውም ፉከራውም አለ። እኔን የሰበረኝ ግን የአንድ ሌሊት ወፍጮ ነው። በማግስቱ የጠላት ምሽግ ሊመታ ነው። ለሦስት ቀን የሚሆን በሶ እስኪነጋ መድረስ አለበት። ገብሱን የቆሉት ቀን ላይ ገደል ሥር ሆነው ነው፤ የቆሎው ሽታ ለጠላት መንገድ እንዳይመራ ነፋሱ ፊቱን እስኪያዞር ጠብቀው። ማታ ደግሞ ድምፁ እንዳይሰማ ወፍጮው ሥር አጎዛ አነጠፉ። ትፈጫለች። መዳፏ ውሃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል። ደሟ ዱቄቱ ላይ ጠብ ሲል ታያለች። ያቺን እፍኝ ልትደፋት ታነሳታለች። ከዚያ ስንት አፍ እንደሚጠብቃት ታስባለች፤ መልሳ ትቀላቅላታለች። ጠዋት አንዱ ተዋጊ ጭብጦውን እየገመጠ «ዛሬስ ጨው በዝቶበታል» ይላታል።

እዚህ ጋ መጽሐፉን ከደንኩት። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ሊሞት እየሄደ ነው፤ ምሽጉ ሥር ይሞታልም። ግን መዳፏን አላየም። እሷም አላሳየችውም፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛዋለች።

መጨረሻው ደግሞ ይብሳል። ነፃነት መጣ፣ 1933 ነው። አርበኞች ይመዘገባሉ ተብሎ እሷም ተራ ይዛ ትቆማለች። መዝጋቢው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «የማን ሚስት ነሽ?» ይላታል። የሟች ባሏን ስም ትናገራለች። ስሙን ይጽፋል። «ቀጣይ!» ይላል። በቃ፣ መጽሐፉ አለቀ። ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ የቅድመ አያቴ ፎቶ አለ። ካባ ደርበው፣ ሜዳልያ ደርድረው። «የአርበኛ ዘሮች ነን» ስንል እሳቸውን ነው። ሚስታቸው፣ ሴቷ ቅድመ አያቴም፣ አብረዋቸው ዱር ገብተዋል፤ ልጅ አዝለው። ስለእሳቸው በቤተሰብ የሚነገረው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እሷም አብራው ነበረች።» ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነው። ይህን መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ ያ ዓረፍተ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። «አብራው ነበረች» ማለት ምን እያደረገች? ማን ፈጨ? ማን ውሃ ቀዳ? ልጁ ሲያለቅስ ማን አፉን ያዘ?

ጥያቄዬ እንግዲህ ይኸው። ባለቤቴ «ለፈጠራ ሰው እንደዚህ ይለቀሳል ወይ?» ይለኛል። ያነበባችሁት እንዴት ሆናችሁ? መጨረሻውስ ለእሷ የተገባ ነው ትላላችሁ? ደራሲው ቢያንስ በመጽሐፍ ላይ እንኳ ሜዳልያዋን ቢሰጣት ምን ነበረበት? ስለ እውነተኞቹ ሴቶች የምታውቁትም ካለ ንገሩኝ፤ ዛሬ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

የማርቆስ ሰው

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ስድሳ ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ያንን የወፍጮ ምዕራፍ ሳነብ አልቅሻለሁ። ለፈጠራ ሰው አላለቀስኩም፤ ለአያቴ ነው ያለቀስኩት።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ጣልያን ምሽግ ከሠራበት ከተማ አጠገብ ጠላ ትሸጥ ነበር። የውስጥ አርበኛ ነበረች፤ እኛ ቤት ግን በዚህ ስም ተጠርታ አታውቅም። ባንዶቹ እህል የያዘ ሰው ሁሉ ኬላ ላይ ያስቆማሉ። ስልቻውን በዘንግ ይወጉታል፤ ዘንጉ ብረት ከነካ ያ ሰው አለቀለት። ስለዚህ ጥይቱን እህል ውስጥ አታደርገውም። በሰም በተነከረ ጨርቅ ቋጥራ ድፍድፉ ውስጥ ትከተዋለች። የጠላ ድፍድፍ ውስጥ እጁን የሚከት ወንድ የለማ! ጋኑን ለሸክም አሳልፋ አትሰጥም፤ ራሷ አዝላው ትሄዳለች። ሁለት ነገር ሁሌም ትለን ነበር። አንደኛው፣ ኬላ ስትደርስ ፈጥና እንደማታልፍ፤ ቆማ ታወራቸዋለች፣ ጠላም ትቀዳላቸዋለች። ሁለተኛው፣ ጀርባዋ ያን ጊዜ እንደተጎዳ። እስክትሞት ጎብጣ ነው የኖረችው። እኛ ልጆቹ እርጅና ነው የሚመስለን ነበር።

እና ደራሲው ሜዳልያ ባለመስጠቱ አትዘኚበት። ቢሰጣት ኖሮ እኔ መጽሐፉን አላምነውም ነበር። አያቴም ምንም አላገኘችም። ያንን «ቀጣይ!» የሚለውን ቃል ሳነብ አንድ ሰው አያቴን ያወቃት መሰለኝ።

መምህርቷ

ታሪክ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ብል ይቅርታ።

ማታ አንባቢ፣ እውነተኞቹን ጠይቀሻል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን ከሰማሽ ጥሩ፤ ካልሰማሽ ከእሳቸው ጀምሪ። አዲስ አበባ ጠላት ጉያ ውስጥ ተቀምጠው ለአርበኞች መሣሪያ፣ መድኃኒትና መረጃ ያቀብሉ ነበር። ተይዘው ብዙ ሥቃይ አይተዋል፤ ጓዶቻቸውን አሳልፈው ግን አልሰጡም። ጣልያን አገር አዚናራ ወደምትባል የእስረኞች ደሴት ተጋዙ። ሰው ከዚያ ሲመለስ አርፎ ይቀመጣል ትያለሽ። እሳቸው ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የአዲስ ዓለም ምሽግ ሲመታም አሉበት።

ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ደግሞ የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ፣ የደጃዝማች አበራ ካሳ ባለቤት ናቸው። ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጅ ከሰጡ በኋላ ታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ ተገደሉ። ወይዘሮ ከበደች ነፍሰ ጡር ነበሩ። የባላቸውን ተዋጊዎች ይዘው በረሃ ገቡ። በአራስነታቸው ጦር መርተዋል። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ ዝም ይላሉ፤ ሴቶቹ በተለይ።

ግን እይው፣ የእነዚህ የሁለቱ ስም የደረሰን ለምንድን ነው? አንዷ ባለሀብት ነበሩ፤ አንዷ የራስ ልጅ። ስማቸውን የሚጽፍ ሰው በዙሪያቸው ነበር። ያቺ የምትፈጨዋ ሴት የላትም። ለእሷ ከልብወለድ ሌላ ማን ይጽፍላት ነበር? ለዚህ ነው እኔ «ለፈጠራ ሰው አይለቀስም» ከሚሉት ጋር የማልስማማው። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ይህንንም ንገሪው።

መጽሐፉ ላይ ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር አለ። ከተማ የቀረችዋን፣ የጣልያን መኮንን ቤት የገባችዋን ሴት ደራሲው ሲስላት ክፉ ብቻ ያደርጋታል። ዘይት የተቀባ ፀጉር፣ የሐር ልብስ፣ ሳቅ። ያ ቀላል ነው። እንደዚያ ያሉ ሴቶች ስንቶቹ በረሃብ፣ ስንቶቹ ተገደው እንደገቡ ማን ጠየቃቸው? የፋሺስት መንግሥት ራሱ 1929 ላይ ሕግ አወጣ፤ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰር አለ። ሕጉ ለእሷ አዝኖ አልነበረም፤ ዘሬ ይበላሻል ብሎ ነው። እሷን የማይጠብቅ ሕግ። ልጅ ታቅፋ ስትቀር ጣልያኑም አያውቃትም፣ ወገኗም ይተፋባታል። እኔ በዚህ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ሁለተኛው ለዚህች ሴት ነው። ደራሲው ግን እንዳለቅስላት አልፈለገም። እኔ አለቀስኩላት።

ነጭ ጋወን

እኔ ነርስ ነኝ። መጽሐፉን ግማሽ ላይ አቁሜዋለሁ፤ የጋዙን ምዕራፍ ማለፍ አቃተኝ።

ያ የሰናፍጭ ጋዝ ሲነካ ወዲያው አያምም። ሰዓታት ቆይቶ ነው ቆዳው ቀልቶ ውሃ የሚቋጥረው፤ ዓይንም ያጠፋል። ልብስ ላይም ይቀመጣል። ስለዚህ የቁስለኛውን ልብስ የምታወልቀው፣ የምታጥበው ሴት ሳታውቀው ራሷም ትቃጠላለች። መጽሐፉ ውስጥ የወንድሟን ጋቢ ወንዝ ወስዳ የምታጥበዋ ልጅ አለች አይደል? ማታ እጇን ምን እንደነካት አታውቅም፤ ሳማ ነው ብላ ታስባለች። እዚያ ላይ ቆምኩ። እኔ ጓንት አድርጌ ነው የምሠራው። እሷ ባዶ እጇን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ ዙሪያ የተሰባሰቡ ሴቶች ለዘማቹ ፋሻ፣ ልብስና የጋዝ መከላከያ ጭንብል ይሰፉ እንደነበር አንብቤያለሁ። ይህን ሳስብ የዚያች ልጅ እጅ ይመጣብኛል። ጭንብል ለፊት ነው። ለእጅ ማን ያስባል?

ማታ አንባቢ፣ ማልቀስሽ ጤነኛ ነው። አልቅሺ።

ማታ አንባቢ

ሁላችሁም አመሰግናለሁ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ መልሶቻችሁን ሳነብ እንደገና ተነሳብኝ።

መምህርት፣ ስለ ከተማዋ ሴት ያልሽው ልክ ነው። እኔ ስለእሷ ሳነብ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ «ባንዳ!» እያልኩ። አሁን ተመልሼ ያቺን ምዕራፍ ላነባት ነው። አንድ ቦታ ላይ መስኮት ከፍታ ወታደሮች ሲወጡ ትቆጥራለች፣ ትዝ ይልሻል? ደራሲው ምንም ሳይል ያልፈዋል። በማግስቱ አርበኞቹ ስንት ሰው እንደሚመጣባቸው ቀድመው ያውቃሉ። ማን ነገራቸው? እኔ እሷ ናት እላለሁ። ደራሲው ሳያውቀውም ቢሆን አስገብቷታል።

ነጭ ጋወን፣ አንቺ ባታነቢውም ይገባኛል፤ ግን ያቺ ልጅ አትሞትም። ይህን ያህሉን ልንገርሽ፣ ብትፈልጊ ቀጥይበት። እጇ ጠባሳ ይዞ ይድናል። ፈጪዋ ናት ቅቤ እየቀባች የምታስታምማት።

እናቴ ጋ ደውዬ ነበር። «እማዬ፣ ቅድመ አያቴ ዱር ሳሉ ሥራቸው ምን ነበር?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አራስ ነበረች መሰለኝ፤ ደግሞ በቅሎ ትጭን ነበር፣ እኔ ነኝ የምጭነው ትል ነበር» አለችኝ። በቅሎ! ይህን እስከዛሬ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ከዚያ እናቴ ራሷ ጀመረችና አላቆም አለች። ሌሊት ሲጓዙ በቅሎዋ እንዳታናፋ አፍንጫዋን በእጃቸው ይዘው እንደሚሄዱ። አንድ ጊዜ ወንዝ ሲሻገሩ ጭነቱ ተፈትቶ ከሕፃኑና ከጥይቱ አንዱን መያዝ ነበረባቸው፤ ሕፃኑን በጥርሳቸው ልብሱን ነክሰው ይዘው ጥይቱን በእጃቸው ያወጡት። እናቴ ይህን የሰማችው ከራሳቸው ነው። በጥርስ የተያዘው ሕፃን የእናቴ አጎት ናቸው፤ እኔ ደርሼባቸዋለሁ፣ ሠርጌ ላይ መርቀውኛል።

መጨረሻው ላይ ግን አሁንም እናደዳለሁ። የማርቆስ ሰው፣ ደራሲው ሜዳልያ ቢሰጣት አላምነውም ያሉት ገብቶኛል፤ እውነት ነው። ቢሆንም መዝጋቢው ቀና ብሎ ቢያያት ምን ነበረበት? አንዴ ብቻ! እጇን ቢያይ። ይህን መመኘቴን ልተወው አልቻልኩም፣ የምተወውም አይመስለኝም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አያትዎ ለጥይቱ የሚሆነውን ሰም ከየት ነበር የሚያገኙት? የጧፍ ሰም ነው?

የማርቆስ ሰው

ኧረ ጧፍማ አትነካም፣ የቤተ ክርስቲያን ነው! ጓሮዋ ቀፎ ነበራት። ማሩን ለጣልያኖቹ ትሸጣለች፣ ሰሙን ለዚህ ታውለዋለች። በማሩ ገንዘብ ደግሞ ጥይት ትገዛለች፤ ከእነሱው ከባንዶቹ። ይህንን ስታወራ ነበር የምትስቀው፣ ሌላውን ስታወራ ስቃ አታውቅም።

የእናትሽን ወሬ በደንብ ጻፊው። በቅሎዋ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበራት ሳይቀር ጠይቂያት።